ሰኔ በገዳሪፍ፦ ተማሪውም መምህሩም የሚሄድበት ትምህርት ቤት ዓመቱን እንዴት ይዝጋ?

ኢትዮጵያ ውስጥ ሰኔ የትምህርት መዝጊያ ወር ነው። ፈተና ያልቃል፣ መምህራን ሮስተር ሲሞሉ ያመሻሉ፣ የወላጆች በዓል ይከበራል፣ ካርድ ይታደላል። ከመተማ ድልድይ ማዶ፣ በምሥራቅ ሱዳን ግን ሰኔ ሥራ የሚከፈትበት ወር ነው። ክረምቱ ይገባል፣ የገዳሪፍ ሰፋፊ የሰሊጥና የማሽላ እርሻዎች ይዘራሉ፣ ጉልበት ያለው ሁሉ ይፈለጋል። ጥቁሩ ዋልካ ውኃ ከጠገበ ደግሞ መኪና አያስኬድም፤ ወደ ስደተኛ መጠለያዎቹ የሚወስደው መንገድ ይቆረጣል። ስለዚህ ለመሄድ የቆረጠ ቤተሰብ መንገዱ ሳይበላሽ፣ ዘር ሳያልፈው ይነሳል። ልጁ ሁለት ፈተና እንደቀረው የሚያስታውስ የለም፤ ቢያስታውስም አይቆይለትም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1977ቱ ድርቅ ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሰደደው ሕዝብ መመለስ የጀመረው በዚያው ዓመት ሚያዝያና ግንቦት ነበር፤ ክረምቱ ሳይገባ አገሩ ደርሶ ለመዝራት። ያኔ ቤተ እስራኤላውያንና ሌሎች ኢትዮጵያውያን የተጠለሉበት የገዳሪፉ ኡም ራኩባ መጠለያ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የትግራይን ጦርነት የሸሹትን ለመቀበል እንደገና ተከፈተ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ቱናይድባህ የሚባል ሌላ መጠለያ ተጨመረ። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ካርቱም ላይ መዋጋት ሲጀምሩ የስደቱ አቅጣጫ ተደበላለቀ። ገዳሪፍ ከዋና ከተማዋ የሸሹ ሱዳናውያንን፣ ኤርትራውያንንና ኢትዮጵያውያንን ተቀበለች፤ በገላባት በኩል ወደ መተማ የሚሻገረውም በዛ። ከተሻገሩት ስደተኞች ብዙዎቹ ያረፉት በምዕራብ ጎንደር ኩመርና አውላላ መጠለያዎች ነበር። እዚያም ጸጥታ ጠፋ፤ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ገደማ ብዙዎቹ መጠለያውን ትተው መንገድ ዳር ሰፈሩ።

በእንዲህ ያለ ቦታ የትምህርት ዓመት በመጨረሻዋ ሳምንት አይዘጋም። ሰው እየተንጠባጠበ ስለሚሄድ መዝጊያውም ቀደም ብሎ ይጀመርና እየተንጠባጠበ ይሠራል። ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት እንደገባ የጀመረ ትምህርት ቤት ብዙ ያድናል። ሰኔን የጠበቀ ባዶ ወንበር ይቆጥራል። ለወላጅ፣ ለመምህር፣ ለወላጅ መምህር ኅብረት (ወመህ) አባልና በመጠለያ ለሚሠራ ሰው የሚጠቅመውን እንይ።

ወረቀቱ ይቅደም

ስለ ልጆች ስሜት የሚጻፉ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ከስንብት ይጀምራሉ። እኔ ከወረቀት ብጀምር እመርጣለሁ። ተሰናብቶ ያለ ካርድ የሄደ ልጅ ሦስት ዓመት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ሳይሰናበት ካርዱን ይዞ የሄደ ልጅ ቢያንስ ክፍሉን አያጣም።

ልጁ ይዞት መሄድ ያለበት የመጨረሻውን ካርድ፣ መሸኛ ደብዳቤና ከተቻለ የቀደሙትን ዓመታት ውጤት ነው። ችግሩ ያለው ወረቀቱ ላይ በሚጻፈው ዝርዝር ነው፤ በዚህ ድንበር ላይ ዋናው ወጥመድ የዘመን አቆጣጠር ነው። አንዲት ልጅ በ2005 ዓ.ም. ተወለደች እንበል። መዝጋቢው ይህን ቁጥር ሳይለውጥ በሱዳን ቅጽ ላይ ካሰፈረው፣ ቅጹ የሚነበበው ሱዳኖች «ሚላዲ» በሚሉት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ፣ ልጅቷ በአንድ ብዕር ጭረት ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ታረጃለች። ቀጥሎ የምትሄድበት ትምህርት ቤት ያያትና ለ6ኛ ክፍል ዕድሜዋ አልፏል ይላል። ተቃራኒውም ይደርሳል፤ ሱዳን ውስጥ የተወለደ ልጅ መተማ ሲመዘገብ የፈረንጁ ዓመት እንደ ኢትዮጵያ ተቆጥሮ ገና ሕፃን ይባላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ፣ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አለመዝለል።

ስምም እንዲሁ ነው። የሱዳን ሰነድ በተለምዶ አራት ስም ይፈልጋል፤ የልጁን፣ የአባቱን፣ የአያቱንና የቅድመ አያቱን። የእኛ ካርድ ቢበዛ ሦስት ላይ ይቆማል፤ ያውም የአያቱ ስም ብዙ ጊዜ በአንድ ፊደልና በነጥብ አጥሮ። በዚያ ላይ የዓረብኛ ጽሕፈት አጫጭር አናባቢዎችን አይጽፍም፣ ለ«ጨ» እና ለ«ጰ» የሚሆን የራሱ ፊደልም የለውም። ጸሐይነሽ የምትባል ልጅ በሦስት ሰነድ ሦስት ሰው ሆና ልትገኝ ትችላለች። ስም ጠሪው መምህር ከመጋቢት ጀምሮ ወላጆችን በየተራ ጠርቶ ስሙን ጮክ ብሎ ቢያነብላቸው፣ እነሱም መጠለያው ውስጥ የተመዘገቡበትን ወረቀት አምጥተው ቢያስተያዩት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ክፍል ይበቃል። ማንበብ የማይችሉ ወላጆች ስላሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን አይጠቅምም።

ሦስተኛው የክፍል ደረጃ ነው። ሱዳን ለረጅም ጊዜ የምትከተለው የ8 ዓመት መሠረታዊና የ3 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሥርዓት ነበር። ከ2011 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ መካከለኛ ደረጃን መልሳ 6፣ 3 እና 3 አድርጋዋለች። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. በገባው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 6፣ 2 እና 4 ሆናለች። እንግዲህ «8ኛን አጠናቋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ገባ ማለት ነው፤ ሱዳን ውስጥ በአዲሱ ሥርዓት የመካከለኛው ደረጃ አንድ ዓመት ይቀረዋል፤ በድሮው ደግሞ መሠረታዊውን ጨርሷል። ስለዚህ መሸኛው ላይ የደረጃው መጠሪያ ብቻውን አይበቃም። ልጁ በጠቅላላ ስንት ዓመት እንደተማረ፣ በየትኛው አገር ሥርዓተ ትምህርትና በምን ቋንቋ፣ ሒሳብ ላይ እስከ የት እንደደረሰ በሁለት መስመር ይጻፍ። ካርዳችን ላይ ትልቁን ቦታ የያዘው «ከ62 ተማሪ 3ኛ» የሚለው ነገር ለተቀባዩ ትምህርት ቤት ምንም አይነግርም። 62ቱን የሚያውቃቸው የለም።

ቅጂ ይኑር። ኦርጂናሉ ለቤተሰቡ፣ አንዱ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ፣ ሌላው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ውጭ። የስልክ ፎቶም ቅጂ ነው። እናት ስልክ ከሌላት ስልክ ያለው የወመህ አባል ያንሳው፤ ግን የሌላ ሰው ልጅ ፎቶና ስም በቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንዳይበተን። ከጦርነት የሸሸ ሰው የት እንዳለ ሁሉም እንዲያውቅበት ላይፈልግ ይችላል።

ሕጉ ምን ይላል ለሚል ወላጅ፦ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. የአካባቢው አገራት ድርጅት የኢጋድ አባላት የጅቡቲ መግለጫን ፈርመዋል፤ ስደተኛ ልጆች በአስተናጋጁ አገር የትምህርት ሥርዓት እንዲካተቱና የተማሩበት ማስረጃ ዕውቅና እንዲያገኝ ለመሥራት የገቡት ቃል ነው። ሱዳንም ኢትዮጵያም ነበሩበት። የኢትዮጵያ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ ዕውቅና ያገኘ ስደተኛ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ ዜጋ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ጥሩ ሰነዶች ናቸው። ነገር ግን ሚኒስትሮች የፈረሙት ወረቀት የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ጠረጴዛ ላይ ላይደርስ ይችላል። ማኅተም ያለበት ካርድ ግን ርዕሰ መምህሩ ቢጠራጠር እንኳ ለመነጋገሪያ ይሆናል።

ማን ይሄዳል፣ ማን ይቀራል

በየዓመቱ መጨረሻ አራት ዓይነት ለውጥ ይደራረባል። ልጅ ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፤ ይህ ቀላሉ ነው። ልጅ ከቤተሰቡ ጋር ይሄዳል። መምህር ይሄዳል። አንዳንዴም ትምህርት ቤቱ ራሱ ትምህርት ቤት መሆኑ ይቀራል።

የሚሄደውን ልጅ በተመለከተ የሚጠቀስ ሐሳብ አለ። ከአገር አገር እየተዘዋወሩ ስለሚያድጉ ልጆች የጻፈው አሜሪካዊው ዴቪድ ፖሎክ በጥሩ ሁኔታ ለመለየት አራት ነገር ያስፈልጋል ይላል፤ ከተጣሉት ጋር መታረቅ፣ ውለታ ላደረገ ሰው ምስጋናን መንገር፣ ሰውንም ቦታውንም መሰናበት፣ ስለሚሄዱበት አስቀድሞ ማሰብ። ሐሳቡ የተወለደው ከሚሲዮናውያን፣ ከዲፕሎማቶችና ከትልልቅ ኩባንያ ሠራተኞች ልጆች ነው፤ ማለትም የአውሮፕላን ትኬታቸው ቀን ተቆርጦለት ከሚቀመጥ ልጆች። የኡም ራኩባ ልጅ ቀኑን አያውቅም፤ አባቱም ላያውቅ ይችላል፤ አንዳንዴ የሚነሱት ሌሊት ነው፣ መሄዳቸውን የሚያውቅ ጎረቤት እንዳይኖር ተጠንቅቀው። ስለዚህ አራቱን እንዳሉ መገልበጥ አይሠራም። መጀመሪያዎቹን ሁለቱን ግን ቀን ሳይጠብቁ ማድረግ ይቻላል። በየወሩ መጨረሻ ዓርብ ለግማሽ ሰዓት ክፍሉ የተጣላውን ያስታርቅ፤ እያንዳንዱ ልጅ በዚያ ወር የረዳውን ጓደኛ ስም ጠርቶ ያመስግን። በመካከል ድንገት የሄደ ልጅ ቢያንስ አንድ ጊዜ ስሙ በመልካም ተጠርቶ ሄዷል።

መምህራን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፤ ልጆች ሊለያዩ ሲሉ ይጣላሉ። እንደ ወንድማማች የሚዋደዱ ሁለት ልጆች በሰኔ መጀመሪያ በአንድ እርሳስ ይደባደባሉ። ተቆጥቶ ማስቆም ይቻላል፤ የሚሻለው ግን ሁለቱን ለብቻ ወስዶ «ሊለያዩ ሲሉ መናደድ ያለ ነው፤ እኔንም ያናድደኛል» ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ጠቡ ጨርሶ ባይጠፋም ይበርዳል።

እውነቱን መንገርም ያስፈልጋል። «ትመለሳለህ፣ አይዞህ» ቀላል አነጋገር ነው፤ ለአዋቂ ማጽናኛ ነው፣ ለልጅ ግን ቀጠሮ ነው። መመለሱን ማንም ካላወቀ «የት እንደምንሆን አላውቅም፤ የማውቀው እዚህ 4ኛን በደንብ እንደጨረስክ ነው» ማለት ይሻላል።

የሚቀሩት ይረሳሉ። የሄደው ልጅ ሽኝት፣ ዳቦና ምርቃት ያገኛል፤ ጎኑ ይቀመጥ የነበረው ልጅ በማግስቱ ባዶ ዴስክ ያገኛል። ስም ሲጠራ መልስ የማይሰጥ ስም አለ፤ አንድ ሳምንት ይጠራል፣ ከዚያ መምህሩ ዝም ብሎ በቀይ ይሰርዘዋል። ይህ መሰረዝ በልጆች ፊት በዝምታ ባይደረግ ጥሩ ነው። «እገሊት ከእናቷ ጋር ወደ መተማ ሄዳለች፣ ካርዷን ወስዳለች፣ ከነገ ጀምሮ ስሟን አልጠራም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የት እንደሄደች የማይታወቅ ከሆነም ያው «አናውቅም» ይባል። ልጆች የሚፈሩት አዋቂዎች የማይናገሩትን ነው።

የወላጆች በዓል ለዚህ ሁሉ የተዘጋጀ መድረክ ነበር፤ የምንጠቀምበት ግን ለጠባብ ነገር ነው። ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ፣ የቀረው ያጨበጭባል፣ ሕፃናቱ መዋዕለ ሕፃናት ጨረሱ ተብሎ ጋውን ይለብሳሉ። የደረጃ ሽልማቱ ይቅር አልልም፤ ልጅ ይወደዋል። ግን በመጠለያ ትምህርት ቤት ሁለት ነገር ብንጨምርበት ብዙ ወጪ የለውም፤ በዓመቱ አዲስ የመጡት በስም ይጠሩ፣ በክረምት የሚሄዱት ደግሞ ተነስተው ሽማግሌዎች ይመርቋቸው። ምርቃት ላይ ማንም ልጅ ደረጃ አይጠየቅም። በዓሉንም ወደ ግንቦት ማምጣት ነው፤ ሰኔ ላይ ግማሹ ሰው እርሻ ላይ ነው።

መምህሩ ሲሄድ

በስደተኛ መጠለያ የሚያስተምሩት በአብዛኛው ራሳቸው ስደተኞች ናቸው። የሚከፈላቸው ኢንሴንቲቭ ነው፤ ደመወዝ ብሎ መጥራት ያስቸግራል። በገዳሪፍ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤትም የሱዳን ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ደመወዝ ለወራት የተቋረጠባቸው መምህራን አሉ። ስለዚህ መምህሩ ወደ ሰሊጥ አጨዳ፣ ወደ ሌላ ድርጅት ወይም ድንበር አሻግሮ ቢሄድ ሊወቀስ አይገባም። የሚያስፈልገው ሲሄድ የሚያስረክበው ነገር ነው፤ አንድ ገጽ ወረቀት። በየትምህርቱ የት ምዕራፍ ላይ እንደቆመ፣ ማን ማንበብ እንደሚቸግረው፣ የትኛው ልጅ ጆሮው እንደማይሰማና ፊት መቀመጥ እንዳለበት፣ የማን አባት እንደሞተና ስለ አባት የሚያወራ ምንባብ ሲመጣ ቀስ ማለት እንደሚያስፈልግ። ይህ የመጨረሻው ነገር በየትኛውም ማርክ ሊስት ላይ አይሰፍርም፤ መምህሩ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል፤ አዲሱ መምህርም ልጁ ለምን በድንገት ከክፍል እንደወጣ አይገባውም።

ለክፍሉም ይንገር። መምህራን ልጆቹ እንዳያለቅሱ ብለው ሳይናገሩ ይጠፋሉ፤ ብዙ የጠፋ ሰው ላለበት ክፍል ይህ አንድ ተጨማሪ መጥፋት ነው። ቢያለቅሱ ይሻላል።

ትምህርት ቤቱ መጠለያ ሲሆን

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የሱዳኗ ዋድ መዳኒ በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ስትያዝ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ደግሞ ሲንጃ ስትያዝ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ ተመመ። ያረፈውም በብዛት በትምህርት ቤቶች ውስጥ ነበር። ጣራ ያለው ሰፊ ግቢ ሌላ ምን አለ? የሱዳን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተናም እ.ኤ.አ. በ2023 መሰጠት ሲገባው እስከ ዲሴምበር 2024 መጨረሻ ዘገየ፤ በአንዳንድ ግዛቶች ጨርሶ ስላልተሰጠ ተማሪዎች ለመፈተን ከግዛት ግዛት ተጓዙ፣ ገዳሪፍም ፈተናው ከተሰጠባቸው ግዛቶች አንዷ ነበረች። አንድ ልጅ «የ2023 ተፈታኝ» እየተባለ 2024ን ሙሉ ያሳልፋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የርዕሰ መምህሩ ሥራ ድርድር ይሆናል። ተፈናቃዩን ቤተሰብ ከክፍል ማስወጣት ሰብአዊም ሕጋዊም ጥያቄ አለበት፤ ግን አንድ ክፍል፣ ቢቻል ጥቁር ሰሌዳው ያልተሰነጠቀው፣ ለትምህርት ይተው ማለት ይቻላል። ተማሪ በፈረቃ ይገባል፤ የተፈናቃዮቹም ልጆች አብረው ይግቡ። ይህ ሁለተኛው ነገር ለመግባባት ከየትኛውም ስብሰባ የበለጠ ይረዳል፤ እናት ልጇ ከሚማርበት ክፍል ዴስክ ለማገዶ አትወስድም። ሮስተሩና የካርድ ጥራዙ በብረት ሣጥን ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ የገዳሪፍ ዝናብ በበር ሥር ይገባል፣ ምስጥም አለ።

መስከረም ላይ

ስለ መቀበል ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ወረቀቱና ስንብቱ ከተሠራ ግማሹ አልቋል። አንድ ስሕተት ግን ተደጋግሞ ይታያል። ሱዳን ውስጥ በዓረብኛ 5ኛ የደረሰ ልጅ መተማ ወይም ጎንደር ሲመጣ ፊደል አይለይም ተብሎ ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር 1ኛ ክፍል ይቀመጣል። ማካፈልና ማባዛት የሚችል፣ ድንበር በእግሩ የተሻገረ ልጅ «ሀ ሁ» ሲባል ጉልበቱ ከዴስኩ በላይ ሆኖ ይቀመጣል። ሁለት ወር አይቆይም። ከዕድሜ እኩዮቹ ጋር ይቀመጥ፤ ሒሳብና ስፖርት አብሯቸው ይማር፤ ፊደሉን ከሰዓት በኋላ ለብቻ ያስቆጥሩት። ማንበብ የሚችል ልጅ ሁለተኛ ፊደል የሚለምደው ከጀማሪ ፈጥኖ ነው። ወደ ሱዳን ትምህርት ቤት የሚገባው አማርኛ ወይም ትግርኛ ተናጋሪ ልጅም እንዲሁ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስደተኛ ልጆች በአስተናጋጁ አገር ሥርዓት እንዲማሩ ነው የሚገፋፋው፤ ሐሳቡ ለረጅም ስደት ትክክል ይመስለኛል፤ የቋንቋው መሸጋገሪያ ሳይዘጋጅ ሲጀመር ግን ልጁ በሁለቱም ቋንቋ መሃይም ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የሚመጣውን ልጅ የሚቀበለው ጓደኛ ከሩቅ አይፈለግ፤ አምና ራሱ አዲስ የነበረ ልጅ ይመደብለት። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ፣ የውኃ ተራ እንዴት እንደሚያዝ፣ ለየትኛው ቲቸር እንደሚቆም ከእሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም።

አንድ የቀረ ጉዳይ የማኅተም ነው። ብዙ ቤተሰብ መሸኛ ሊወስድ የሚመጣው ጎህ ሲቀድ፣ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቅ ነው። ርዕሰ መምህሩ ገበያ ወይም ገዳሪፍ ከተማ ከሄደ ማኅተሙም ተቆልፎ ይቀራል፤ ቤተሰቡም ሳይወስድ ይሄዳል። ከመጋቢት እስከ ሰኔ መጨረሻ ባለው ጊዜ ማኅተሙ ያለበትን የሚያውቁና እንዲፈርሙ በጽሑፍ የተወከሉ ሌላ ሁለት ሰዎች ይኑሩ፤ አንደኛዋ በትምህርት ቤቱ አቅራቢያ የምታድር ብትሆን ይመረጣል።